ስሙን ያልሰማው ፊደል

ጋሼ ደማቅ ከወንበራቸው አጠገብ፣ ወለሉ ላይ፣ በግራ ጎናቸው ተጋድመው ተገኙ። ከኋላ በኩል ራሳቸው ላይ ተመትተዋል፤ ደሙ ደርቋል። የታተሙ ገጾች በንፋስ እንዳይበተኑ የሚጫንባቸው ከባድ ብረት ከጠረጴዛው እግር ሥር ወድቋል። ከዚህ ሌላ በገጽ ቅንብር ክፍሉ ውስጥ የተነቃነቀ ነገር የለም። እርሳሱ ተቀርጾ፣ አጉሊ መነጽሩ ተወልውሎ፣ አንድ የታተመ ገጽም ጠረጴዛው መሃል ተዘርግቶ፣ ሁሉም የባለቤቱን መመለስ የሚጠብቅ ይመስላል።

ያገኛቸው የሕትመት ድርጅቱ ጥበቃ ነው፤ ጠዋት ክፍሎቹን ሲከፍት። መርማሪዋ ስትደርስ የፖሊስ ጣቢያው አዛዥ ደረጃው ላይ ቆሞ ይጠብቃት ነበር።

«ለወጉ ያህል ነው የጠራሁሽ» አላት። «ነገሩ አልቋል። አብሯቸው የሚሠራው የእህታቸው ልጅ ነው። ትናንት ከሰዓት በኋላ ሲጨቃጨቁ ጥበቃው ሰምቷል። ሽማግሌው ‹እኔ በሕይወት እያለሁ ይህ ገጽ አይታተምም› ብለውታል። ይኸው፣ አሁን በሕይወት የሉም። የክፍሉ ቁልፍም አለው።»

«ገጹስ?»

«የምን ገጽ?»

«አይታተምም የተባለው።»

አዛዡ ስለ ገጹ አላሰበም ነበር። ከሥራ መውጫ በፊት ሌላ ሰው ካላመጣችለት ልጁን ከነመዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ እንደሚልከው ነግሯት መንገዱን ለቀቀላት።

መርማሪዋን ባልደረቦቿ «ወስፌ» ይሏታል። ቀጭን ስለሆነች ብቻ አይደለም፤ ነገር ውስጥ ድምፅ ሳታሰማ ገብታ በሌላው ጎን ስለምትወጣ ነው። አዛዡ ሲያበሽቃት «ከለገመ ወስፌ ቅቤ አይወጋም» ይላታል፤ እሷም «ለቅቤማ አንተም ትበቃለህ» ትለዋለች። ዛሬ ግን ሁለቱም አልቀለዱም። ወስፌ ከሬሳው አጠገብ ተንበርክካ ብዙ ቆየች። የሟቹ የንባብ መነጽር አልተሰበረም፤ ፊታቸው ላይም አልነበረም። ተጣጥፎ፣ ማኅደሩ ውስጥ ገብቶ፣ ደረት ኪሳቸው ውስጥ ተቀምጧል። ዕድሜ ልካቸውን ሲያነቡ የኖሩ ሰው፣ የታተመ ገጽ ፊታቸው ተዘርግቶ፣ መነጽራቸውን ኪሳቸው ከተው ሞቱ። ይህ አልዋጥላት አለ።

ከዚያ አጉሊ መነጽሩን አንስታ የተዘረጋውን ገጽ አየችበት። ከሒሳብ ጋር ከልጅነቷ ጀምሮ ተጣልታ የኖረች ሴት ናት፤ ስለዚህ ስሌቱን ለማንበብ አልሞከረችም፤ ፊደሎቹን ብቻ አየች። ጠርዛቸው ሁሉ ንጹሕ ነው። በመሃል አንዲት ደማቅ የግሪክ ፊደል ግን ጥላ አላት፤ ሁለቴ ተደራርባ እንደታተመች ሁሉ ወደ ላይ በኩል ሁለተኛ ጠርዝ ይታይባታል። ማተሚያው ተንቀጥቅጦ ቢሆን ጎረቤቶቿም በተንቀጠቀጡ ነበር። ወስፌ ገጹን ሊታተም ከተዘጋጀው መጽሐፍ ሌሎች ገጾች ጋር አስተያየችው፤ የዚህኛው ግርጌ አንድ አንቀጽ የሚያህል ባዶ ሆኖ ቀርቷል። መስኮቱ ደፍ ላይ ደግሞ ያው መጽሐፍ፣ የድሮው ሕትመት፣ ሦስተኛውና አራተኛው ምዕራፍ ላይ ቁራጭ ወረቀት ገብቶበት ተቀምጧል። ሁሉንም ይዛ ወጣች።

የእህት ልጅ የተባለው ወጣት ገጽ አቀናባሪ ነው። ማዶ ባለው ክፍል ከአንድ ፖሊስ ጋር ተቀምጧል፤ ዓይኑ በልቅሶ አብጧል። ወስፌ ካቴናውን አስፈታችለትና ከፊቱ ተቀመጠች።

«በምንድን ነው የተጣላችሁት?»

«በርዕስ» አላት። ሊስቅ የነበረ ይመስል ከንፈሩ ተንቀሳቀሰና መልሶ ደረቀ። «በምዕራፍ ርዕስ።»

ከዚያ ሲያስረዳት ቀስ በቀስ ድምፁ ተረጋጋ። አጎቱ ጋሼ ደማቅ የተባሉት በጠባያቸው አይደለም፤ ዝምተኛ ነበሩ። ዕድሜያቸውን የፈጁት ግን በሒሳብ መጻሕፍት ውስጥ የትኛው ፊደል ደምቆ፣ የትኛው ቀጥኖ እንደሚታተም ሲከራከሩ ነው። ለሌላው ሰው ደማቅ ፊደል ጌጥ ነው። እሳቸው ዘንድ ግን ትርጉም ነው።

«አንድን በር ምን ያህል ገፉት ብዬ ብጠይቅዎት መልሱ ቁጥር ነው» አለ ልጁ። «ቀጭን ፊደል እንሰጠዋለን። ወዴት ገፉት የሚለውም ካለበት ግን ቬክተር ነው፤ ደማቅ ይሆናል። እኔ ደግሞ የምዕራፉን ርዕስ በሙሉ ደማቅ አድርጌው ነበር። እንዲያ ሲሆን ርዕሱ ውስጥ ያለችው ቬክተር ከሌላው አትለይም። ‹ሁሉም በሚጮህበት ቤት ማን እንደጠራህ በምን ታውቃለህ› ብለው ተቆጡኝ። በቃ፣ ይኸው ነው ጠባችን።»

«ፊደሉን የምታደምቁት እንዴት ነው?»

«አናደምቅም። ስም ነው የምንሰጠው።» እዚህ ላይ አንገቱን ቀና አደረገ። «ኮምፒውተሩ ውስጥ፣ ፋይሉ መግቢያ ላይ፣ አንድ ጊዜ ‹ቬክተር የተባለ ሁሉ እንዲህ ሆኖ ይታተም› እንላለን። ከዚያ ወዲያ ስሙን መጥራት ብቻ ነው፤ ማሽኑ ትክክለኛውን ደማቅ ያመጣዋል። ነገ አሠራሩን መለወጥ ቢያምረን መግቢያው ላይ አንዱን ቃል እንለውጣለን፣ መጽሐፉ በሙሉ ይታዘዛል። ‹ጥራው እንጂ አትቀባው› ይሉኝ ነበር። በእጁ የሚቀባ ሰው አንድ ቀን አንዱን ይረሳል።»

ወስፌ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ገጽ አሳየችው። ግርጌውን አይቶ ራሱን ነቀነቀ። ምዕራፍ መሃል ላይ እንዲህ ያለ ባዶ ትተው ጋሼ እንቅልፍ አይወስዳቸውም ነበር አለ። ስለ መነጽሩ ስትጠይቀው ግን ግራ ገባው።

«እኔንማ በመነጽራቸው ላይ አሻግረው ነው የሚያዩኝ። መነጽሩ ለቅርብ ንባብ ነው፤ የሰው ፊት ያደበዝዝባቸዋል። የሚያወልቁት ለእንግዳ ወይም ለአለቃ ነው፤ አክብረው ሲያናግሩ። ያኔ ደረት ኪሳቸው ይከቱታል።»

«ትናንት ከጠቡ በኋላ ሌላ የተናገሩህ ነገር አለ?»

ልጁ ያበጠ ዓይኑን ጠረገ። ከዚያ፣ ልወጣ ስል መልሰው ጠሩኝ አላት። «‹ለእናትህ ነገ እመጣለሁ በላት› አሉኝ። ጆሮዬን አላመንኩም። ከእናቴ ጋር ዘጠኝ ዓመት አይነጋገሩም።»

የዘጠኝ ዓመቱንም ነገራት። ይህ መጽሐፍ የክሬን ሠልጣኞች የሚማሩበት ነው። መጀመሪያ ሲታተም በአራተኛው ምዕራፍ አንድ ስሌት ላይ ደማቅ መሆን የነበረበት ፊደል ቀጥኖ ወጣ። ሠልጣኞቹም ወደ ጎን ያዘነበሉ የሁለት ገመዶችን ጉልበት፣ አቅጣጫቸውን ትተው፣ እንደ ተራ ቁጥር ደመሩት። ገመዱ ተበጠሰ፤ አንድ ልጅ እግሩን አጣ። ጥፋቱ በዚሁ ሕትመት ድርጅት አቀናባሪ በነበረችው በእናቱ ላይ ተወሰነና ተባረረች። ጋሼ ደማቅ ለሥራው ሲሉ እህታቸውን ቆረጡ። ልጇን ግን አስገብተው አስተማሩት።

ወስፌ ከዚያ ወደ ፕሮፌሰሩ ሄደች። መጽሐፉን የጻፉት እሳቸው ናቸው፤ ስለ ሕትመቱ ሊጠይቁ መጥተው ሬሳ ጠብቋቸው፣ እንግዳ መቀበያው ውስጥ በከዘራቸው ተደግፈው ተቀምጠዋል። የሚጽፉት በእጃቸው ነው። ረቂቃቸውን ከቦርሳቸው አውጥተው አሳዩዋት፤ መድመቅ ካለበት ፊደል ሥር እንደ ውሃ ሞገድ የተጠማዘዘ መስመር ይሰመርበታል። ከዚያ ያለፈውን የማሽኑን ሥራ አያውቁም፤ ማወቅም አይፈልጉም። ትናንት ማታ የት ነበሩ ስትላቸው «የልጅ ልጄን ሒሳብ ሳስጠና» አሏት። «አይገባውም። በእኔ ነው የወጣው፣ እኔም በእሱ ዕድሜ አይገባኝም ነበር።»

«ከሟቹ ጋር መቼ ተነጋገራችሁ?»

ፕሮፌሰሩ ከዘራቸውን ከአንድ እጅ ወደ ሌላው አዛወሩ። ጋሼ ደማቅ ትናንት ከሰዓት በኋላ ደውለውላቸዋል። አራተኛው ምዕራፍ ላይ አጭር ማስታወሻ ላስገባ ብለው ፈቃድ ጠይቀዋል፤ የመጀመሪያው ሕትመት ስሕተት የማን እንደነበረ የሚናገር ማስታወሻ።

«የማን ነው አሉ?»

«ስም አልጠሩልኝም። እኔም አልጠየቅሁም።» ወደ መስኮቱ ዞሩ። «እውነቱን ልንገርሽ፣ ልጄ፣ ፈርቼ ነው። ያኔ የመጨረሻውን ረቂቅ አይቼ የፈረምኩት እኔ ነበርኩ። የልጁን እግር ሳስብ እስከ ዛሬ ይረብሸኛል። ነገሩ የድርጅቱ ነው ብዬ ለሥራ አስኪያጇ ደውዬ ነገርኳትና ከራሴ ላይ አወረድኩት።»

የሥራ አስኪያጇ ቢሮ ከፎቁ ጫፍ ነው። ስታለቅስ ቆይታ ፊቷን ታጥባለች፤ የዓይኗ ዙሪያ ቀልቷል። ወስፌን ቆማ ተቀበለቻት። ጋሼ ደማቅ ለዚህ ቤት ምሰሶ ነበሩ አለች፤ ልጁንም ቢሆን፣ እናቱ ያደረገችውን ረስታ፣ በራሷ ፈቃድ እንደቀጠረችው ሳትጠየቅ ጨመረች። ትናንት በሥራ መውጫ ደረጃው ላይ ተሰነባብተዋል። ከዚያ በኋላ አላየቻቸውም። ወደ ቅንብር ክፍል ከገባችማ ዓመታት አልፈዋል።

«ፕሮፌሰሩ ትናንት ደውለውልዎት ነበር?»

«አዎ። ስለ ሽፋኑ ቀለም ነው።»

ወስፌ መልሱን መዝግባ ቀና አለች። ከሴትየዋ ጀርባ፣ ግድግዳው ላይ፣ በመስታወት የታቀፈ አንድ ገጽ ተሰቅሏል። በስሌት የተሞላ ነው፤ ቀለሙ በፀሐይ ፈዝዟል።

«ይህስ?»

«እሱ?» ሥራ አስኪያጇ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። «ስቀጠር መጀመሪያ ያቀናበርኩት ገጽ ነው። ሰው ሳልለፋ የተሾምኩ ይመስለዋል። ያኔ እንዲህ እንደ ዛሬው የሚያግዝ አልነበረም፤ እያንዳንዷን ፊደል በእጃችን ነበር የምንሠራት።»

ወስፌ እጆቿ እንዴት ያለ ድካም እንዳዩ አደነቀችላት። ከዚያ እንደ ሥዕል ተመልካች ወደ መስታወቱ ተጠግታ፣ አጉሊ መነጽሩን ከኪሷ አውጥታ፣ ረዘም ላለ ጊዜ አየችው።

የልጁ እናት እኩለ ቀን ላይ መጣች። ሆስፒታል ውስጥ በልብስ ማጠቢያ ክፍል ነው የምትሠራው። ማታውን ከጓደኞቿ ጋር አንሶላ ስትተኩስ አድራ፣ ጠዋት ቤቷ ገብታ፣ ታጥባና ንጹሕ ቀሚስ ለብሳ እንግዳዋን ትጠብቅ ነበር። ልጇ ወንድሟ እንደሚመጣ ትናንት ደውሎ ነግሯታል። በእንግዳው ፈንታ ፖሊስ መጣ።

«ወንበር አውጥቼለት ነበር» አለች። «መስኮቱ አጠገብ። ብርሃን ይወዳል።»

ወስፌ ለአፍታ ዓይኗን ዝቅ አደረገች። መጠየቅ ግን ነበረባት፤ ጊዜው እየሄደ ነው፤ አዛዡ ኮሪደሩ ላይ ወዲያና ወዲህ ይላል። የድሮውን መጽሐፍ ገልጣ፣ አንዲት ደማቅ የግሪክ ፊደል አሳይታ፣ ይህ ጥላ ምንድን ነው ስትል ጠየቀቻት።

እናትየዋ አጉሊ መነጽሩን መቀበል አላስፈለጋትም። በዚያን ዘመን ማሽኑ የላቲኑን ፊደል ቢያደምቅም የግሪኩን አያደምቅም ነበር፤ ደማቅ በሉት ሲሉት ዝም ብሎ ቀጭኑን ይሰጣል። ስለዚህ አቀናባሪዎቹ መላ ፈለጉ። ፊደሉን ሁለት ጊዜ ያትሙታል፤ ሁለተኛውን ከመጀመሪያው ላይ ፈቀቅ አድርገው። ከሩቅ ሲታይ ደማቅ ይመስላል። ቀረብ ላለ ሰው ግን ተራ ማታለል ነው። ወንድሟ ትክክለኛው ደማቅ ፊደል በመጣ ማግስት ይህን ሥራ ከቤቱ አጥፍቶታል፤ ለልጇ ጭራሽ አላስተማረውም።

«መጽሐፉን ስንት ሆናችሁ ነው ያቀናበራችሁት?»

«እኔና የዛሬዋ ሥራ አስኪያጅ ብቻ። ተካፍለን። እኔ እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ነበር የሠራሁት፤ ማን ይስማኝ።»

«እርስዎ ፊደሉን የሚያስጠጉት ወዴት ነው?»

«ወደ ቀኝ። ሁልጊዜ ወደ ቀኝ።» እናትየዋ ጥያቄው ገርሟት አየቻት። «ሰው በለመደው እጁ ነው የሚሠራው፣ እህቴ። ማን ብሎ ያየዋል?»

ወስፌ መጽሐፉን ዘጋችውና ወደ አዛዡ ወጣች። ሁሉንም ቅንብር ክፍል እንዲሰበስብላት፣ ከሥራ አስኪያጇ ግድግዳም ያንን በመስታወት የታቀፈ ገጽ እንዲያስወርድ ነገረችው። አዛዡ ሰዓቱን አየ። ላም ባልዋለበት ኩበት እየለቀመች እንደሆነ ሊነግራት ፈልጎ ፊቷን ሲያይ ተወው።

ሬሳው ተነሥቷል፤ ወለሉ ግን ገና አልታጠበም። ሁሉም ያንን ቦታ እየሸሹ በግድግዳው ዙሪያ ቆሙ። ፕሮፌሰሩ ብቻ ወንበር ተሰጣቸው። ሥራ አስኪያጇ ክንዶቿን አጣምራ በሩ አጠገብ ቆመች። እናትየዋ የልጇን ትከሻ ዳሰስ አድርጋ ወደ ኋላ ተመለሰች። ልጁ ማሽኑ ፊት ተቀምጧል።

«ፋይሉ መግቢያ ላይ ሂድ» አለችው ወስፌ። «ቬክተር የተባለ ሁሉ ቀይ ይሁን በል።»

«ቀይ?»

«ለአሁን ብቻ። ከዚያ ገጾቹን አንድ በአንድ አሳየን።»

ልጁ አንድ ቃል ጽፎ ጠበቀ። ገጾቹ በኮምፒውተሩ ስክሪን ላይ መምጣት ጀመሩ። አንደኛው ምዕራፍ፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ ደማቅ የነበሩት ፊደሎች ሁሉ፣ የላቲኑም የግሪኩም፣ በስማቸው እንደተጠሩ ልጆች ቀልተው ብቅ አሉ። ፕሮፌሰሩ ሳያስቡት ወደ ፊት ዘንበል አሉ። በክፍሉ ውስጥ የሚሰማው የቁልፉ ድምፅ ብቻ ነው። አራተኛው ምዕራፍ መጣ። ልጁ እጁን አቆመ።

ከመሃል መስመር ላይ አንዲት ፊደል ጥቁር ሆና ቀርታለች።

«ይህቺ ስሟን አልሰማችም» አለች ወስፌ። «ምክንያቱም ማንም በስሟ አልጠራትም። ተቀብታ ነው። ጋሼ ደማቅ ሞተው በተገኙበት ጠረጴዛ ላይ የተዘረጋው ገጽ ይኸው ነው፤ ጨርሰው ያጸደቁት እንዲመስል። እሳቸው ግን አልሠሩትም። መነጽራቸው ኪሳቸው ውስጥ ነበር። ያለ መነጽር አያነቡም፤ መነጽር ደግሞ የሚያወልቁት ለሚያከብሩት ሰው ብቻ ነው። ስለዚህ ሲመቱ እያነበቡ አልነበረም፤ ከእንግዳ ወይም ከአለቃ ጋር እያወሩ ነበር። የእህታቸው ልጅ ሁለቱንም አይደለም።»

አዛዡ ወደ ልጁ ዞር ብሎ አየ።

«ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ ነው» ብላ ቀጠለች። «ጋሼ እዚህ ገጽ ላይ ማስታወሻ አስገብተው ነበር። ገዳዩ ማስታወሻውን ሰረዘው፤ ግርጌው ባዶ የቀረው ለዚህ ነው። ስሌቱም ገጹ ላይ ከማስታወሻው ጋር በአንድ ክፈፍ ውስጥ ስለነበረ አብሮ ጠፋ። እንደገና መጻፍ አስፈለገ። ልጁ ቢሆን ፊደሉ የሚጠራበትን ስም ያውቃል፤ ሲጠራው አይሳሳትም። ደግሞስ የገዛ እናቱን ነጻ የሚያወጣ ማስታወሻ ለምን ይሰርዛል? ፕሮፌሰር፣ እርስዎ ማሽኑን መክፈት አይችሉም። ይህን የሠራው ሰው ቅንብር ያውቃል፤ የዛሬውን አያውቅም። ማሽኑን በድሮው ትእዛዝ ደማቅ አድርግ ሲለው የግሪኳ ፊደል ቀጭን ሆና ወጣች፤ ያኔ ቸኮለና የድሮውን መላ አመጣ፤ ሁለቴ አተማት። የለመደች ጦጣ ሁልጊዜ ሽምጠጣ ይባላል።»

«የድሮውን መላ የሚያውቁ ብዙ ናቸው» አለች ሥራ አስኪያጇ። ድምጿ የተስተካከለ ነበር። «እዚሁ ክፍል ውስጥም አንዷ አለች።»

«አለች» አለች ወስፌ። የድሮውን መጽሐፍ ለአዛዡ ሰጠችው፤ አጉሊ መነጽሩንም። «እስከ ሦስተኛው ምዕራፍ ያሉትን የግሪክ ፊደሎች እይልኝ። ጥላቸው ወዴት ነው?»

አዛዡ ጎንበስ ብሎ ቆየ። «ወደ ቀኝ።»

«አራተኛውስ?»

ገጹን ገለጠ። «ወደ ላይ።»

«የትናንት ማታዋ ፊደልስ?»

«ወደ ላይ። ልክ እንደዚህኛው።»

«እንግዲህ አራተኛውን ምዕራፍ ያቀናበረችው እጅ ትናንት ማታ እዚህ ክፍል ነበረች። ድርጅቱ አራተኛውን የሠራችው እኚህ እናት ናቸው ብሎ ነው ያባረራቸው። እሳቸው ግን ትናንት ማታ ሆስፒታል ውስጥ አንሶላ ሲተኩሱ አድረዋል፤ አብረዋቸው ያደሩትን በስልክ ጠይቄያለሁ። መጽሐፉን ያቀናበሩት ደግሞ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። ጋሼም ሦስተኛውንና አራተኛውን ምዕራፍ አስተያይተው ይህንኑ ደርሰውበታል፤ ወረቀት ከተው ምልክት ያደረጉት እዚያ ነው።»

«ጥላ ነው ማስረጃሽ?» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ማንም ሰው ወደ ላይ ሊያስጠጋ ይችላል።»

ወስፌ ከግድግዳው ላይ የተነሣውን፣ በመስታወት የታቀፈውን ገጽ ከጠረጴዛው ሥር አውጥታ በጀርባው አስተኛችው። አዛዡ ራሱ ጎንበስ ብሎ አየ፤ ጥላው እዚህም ወደ ላይ ነው፤ ቀና ሲል ወደ ሥራ አስኪያጇ እንጂ ወደ ወስፌ አልተመለከተም።

«‹እያንዳንዷን ፊደል በእጃችን ነበር የምንሠራት› ብለውኛል» አለች ወስፌ። «ፕሮፌሰሩም የደወሉልዎት ስለ ሽፋን ቀለም አይደለም። ስለ ማስታወሻው ነው።»

ፕሮፌሰሩ በከዘራቸው ላይ እንደተደገፉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ሴትየዋ ወደ በሩ አላየችም፤ በሩ ላይ ፖሊስ መቆሙን ታውቃለች። የምታየው በመስታወት ውስጥ ያለውን ያንን የወጣትነት ገጿን ነበር።

«አንድ ፊደል ነው የረሳሁት» አለች በመጨረሻ። «አንድ። ማታ ነበር፣ ደክሞኝ ነበር፤ ሌሎቹን ሁሉ አድምቄ እሷን ዘለልኳት። ልጁ እግሩን ሲያጣ አፌን መክፈት አቃተኝ። ከዚያ በየቀኑ ይበልጥ እያቃተኝ ሄደ። ትናንት ለመንኳቸው። ስሜን ብቻ አውጡት አልኳቸው፤ ስሕተቱ ይነገር፣ የማን እንደሆነ ይቅር። አሻፈረኝ አሉ። ‹በእህቴ ላይ ዘጠኝ ዓመት ዘግቼ የኖርኩት ባንቺ ቃል ነው፤ መነጽሬን ላንቺ የማወልቀው ይህ የመጨረሻዬ ነው› አሉኝ። ከዚያ ጀርባቸውን ሰጥተውኝ ሊያነቡ ወደ ማሽኑ ዞሩ፤ እጃቸውን ወደ ኪሳቸው ሲሰዱ ብረቱ አጠገቤ ነበር።»

ፖሊሱ ወሰዳት። አዛዡ የልጁን ካቴና ከጠረጴዛው ላይ አንሥቶ ኪሱ ከተተውና፣ ይቅርታ ለማለት ይሁን ለመሰናበት፣ ትከሻውን መታ መታ አድርጎት ወጣ። ደረጃው ላይ ወስፌን ሲያልፋት «ቅቤ አልነበረም» አላት።

ልጁ ወደ ማሽኑ ዞረ። ጥቁር ሆና የቀረችውን ፊደል ሰርዞ በስሟ ጠራት፤ እሷም እንደ ሌሎቹ ቀላች። ከዚያ መግቢያው ላይ ያለውን ቃል መለሰው፤ መጽሐፉ በሙሉ ወደ ጥቁርነቱ ተመለሰ፤ ደማቁ ደማቅ፣ ቀጭኑ ቀጭን። ፕሮፌሰሩ የጠፋውን ማስታወሻ ራሳቸው እንደሚጽፉት፣ ረቂቁን አይተው የፈረሙት እሳቸው መሆናቸውንም እንደሚጨምሩበት ነገሩትና ወረቀት ጠየቁ።

እናትየዋ ወስፌን ተጠግታ የወንድሟን መነጽር ልታየው ትችል እንደሆነ ጠየቀቻት። ማስረጃ ስለሆነ መስጠት አልተቻለም። ወስፌ ግን ከነላስቲክ ከረጢቱ መዳፏ ላይ አኖረችላት።

«መንገድ ላይ ስንገናኝ ከኪሱ አውጥቶ ያደርገው ነበር» አለች እናትየዋ። «ጋዜጣ እንኳ ሳይዝ። ፊቴ እንዲደበዝዝበት ነው። እኔም አውቃለሁ፣ እሱም ማወቄን ያውቃል።»

«ዛሬ ግን እማዬ…» ብሎ ልጇ ጀመረና አልጨረሰውም።

«ዛሬማ አውልቆት ነበር የሚመጣው።»

ከረጢቱን ለወስፌ መለሰች። የልጇን ክንድ ይዛ ደረጃውን ቀስ ብላ ወረደች። ከታች ሲደርሱ ቆማ እንባዋን በእጅጌዋ ጠረገች።

«ቤት ስንደርስ ያንን ወንበር እንዳታነሳው» አለችው። «ዛሬን እዚያው ይቆይ።»